ዳር አደር

አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ክፍል፣
ለልጆች የእንስሳት መጽሐፍ ስተረጉም፣ ክፍል በክፍል፣
አንበሳው በደህና አለፈ፤ ዝሆኑም አልከበደኝ፤
መቶ ሰባኛው ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ፍጥረት ያዘችኝ።

«ፓዴሜሎን» ይላታል።
የትምወርቅ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «ሐብሐብ ነው?» አለች፤ ሳቀች።
«ሐብሐብስ አይደለችም፤ ከካንጋሮ ወገን ነች፤
የትልቅ ቤተሰብ ትንሿ፣ በፎቶው ጠርዝ የምትቆም፣
‹እሷንም ጨምሯት› የሚባልላት፣ ያለ ወንበር፣ ያለ ስም።»

እንዲህ ይላል መጽሐፉ፦
ሜዳው ለካንጋሮ ደረሰው፣ ድንጋያማው ለዋላቢ፤
ለእሷ የቀራት እርጥብ ዱር ነው፣ ጥላ በጥላ ደራቢ።
ሣሩን ሥር ለሥር ስትመላለስ በቁመቷ ልክ መንገድ አላት፣
እናቷ የሄደችበት፣ የእናቷም እናት።
ሲመሽ ትወጣለች፤ ከዱሩ ዳር ሣር ትግጣለች፤
ከዳሩ ግን አትርቅም፤ ጥቂት እርምጃ፣ ትመለሳለች።
ክፉ የመጣ እንደሆነ አትጮህም፤
በኋላ እግሯ ምድርን ትመታለች፦
ዱብ!
የሰማ ይሰማል። ሣሩ ይገጥማል። ከዚያ ወዲያ አትታይም።

ዘመዶቿም ተጽፈዋል፤ እግረ ቀይ አለች፣ አንገተ ቀይ አለች፣
የኒው ጊኒ ጠይም አለች፣ ሆደ ዳማ የደሴት አለች።
ይህች የመጨረሻዋ በዋናው ምድርም ነበረች።
ዱሩ ሲመነጠር፣ ቀበሮ ሲመጣ፣
«ነበረች» የሚለው ቃል መጣ።

ስም ፍለጋ ወረድሁ ወደ በሩ፣
ወደ ዘበኛው፣ ወደ ጋሽ ድንበሩ፤
ጎሬ ነው ያደገው፤ የዱር ነገር ያውቃል።
«ከሚዳቋ ታንሳለች?»
«ታንሳለች።»
«ትሮጣለች?»
«ትዘላለች።»
«ልጇንስ?»
«ሆዷ ላይ ኪስ አለ፤ እዚያ ታዝለዋለች።»
«አይ!» አለ፤ «የታዘለማ ከኋላ ነው፣
ከፊት የሆነው የታቀፈ ነው፤
ይህችስ ሆዷን አንቀልባ ያደረገች፣
እጅ ያጠራት እናት ነች።»
ጻፍሁት፣ በታክሲ ደረሰኝ ጀርባ።

በዚያው ማታ ከየትምወርቅ ጋር
በራስ መኮንን ድልድይ አልፈን ፒያሳ ስንወጣ፣
እናቷን አየናት፣ ከአውቶቡስ ወርዳ መጥታ።
እማማ ሽታዬ።
ቤቷ ከፈረሰ ስምንት ወሩ ነው።
ቁልፍ ተቀብላለች፤ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውኃው በፈረቃ፣ ነፋሱ በነፃ።
«ምን ጎደለኝ» ትላለች።
ሲመሽ ግን ትመጣለች።
በአዲሱ ሰፊ ንጣፍ ላይ እሷ ብቻ የምታውቀው መንገድ አላት፤
የሌለ ደረጃ ስትደርስ እግሯን ታነሣለች፣
የሌለ ቦይ ትሻገራለች፣
የማን በር እንደነበረ እንጃ፣ ጎንበስ ብላ ታልፋለች።
ከዚያ ለውዝ ትገዛለች፤ ከተተከለው ሣር ዳር ቆማ ትቆረጥማለች።
«ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» ይላል፤ አትረግጥም።
የመጨረሻው አውቶቡስ ሳያመልጣት ትመለሳለች።
የትምወርቅ ክንዴን ያዘች። አልጠራቻትም።

ሌሊት፣ በእንቅልፌ መሐል፣ ስሙ መጣ፦
ወታደር አለን፣ ላብ አደር አለን፣ አርሶ አደር አለን፤
ዳር አደር ለምን አይኖረን?

ጠዋት ጻፍሁት። አርታኢው አቶ ይመኑ ቀይ አሰመረበት፣
«እንዲህ ያለ ቃል የለም» ብሎ በኅዳጉ ጻፈበት።
እውነቱን ነው።
የሌለው ቃሉ ብቻ ነው።

መጽሐፉ «ፓዴሜሎን» ብሎ ይወጣል።
ልጆች እንደ የትምወርቅ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ትናንት አመሸሁ። መብራት ጠፍቶ ደረጃውን በዳበሳ ስወርድ
ከታች፣ ከበሩ በኩል፣
ዱብ።
ቆምሁ፤ እጄ በብረቱ ላይ ቀረ፤
ትንፋሼን ያዝሁ፤ ከኋላዬ የሚከተለኝ ልጅ ያለ ይመስል
ክንዴን ወደ ኋላ ዘረጋሁ።
ዱብ። ዱብ።
«ብርዱ ነው፣ ልጄ» አለኝ ጋሽ ድንበሩ፣
እግሩን ሲመታ፣ ከጨለማው ዳር።